ደብተሩ ውስጥ ያልተናገረው ወንድም

ጥያቄ፦ ደሴ የምኖር የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። አባታችን የሞተው የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ያሳደገኝ አያ፣ ታላቅ ወንድሜ ነው። ብዙም ሳይቆይ ኮምቦልቻ የነበረውን የአባታችንን ሱቅ ሸጠው፤ ለምን እንደሆነ ግን ተነግሮኝ አያውቅም። አሁን ምናባዊ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ መግቢያ ላይ የተራራው አምላክ ታናሽ ወንድሙ ተኝቶ ሳለ ምንጩን ለባዕድ ይሸጥበታል፤ አማልክቱም ከሸንጎ ያባርሩታል። ይህ አምላክ ሲቆጣ ልክ እንደ አያ ጋቢውን ወደ ግራ ትከሻው ይወረውራል። የወንድሜ ሚስት ረቂቁ ያለበትን ደብተር አግኝታ ለአያ ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ ሰላም ብሎኝ ብቻ ያልፋል። እናቴ «አማልክት ብሎ መጻፍ ሽርክ ነው፣ አቃጥለው» ትላለች፤ ጓደኞቼ «ፈጠራ ነው በለው» ይሉኛል። መግቢያውን ልኬላችኋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አታቃጥለው። ወንድምህ አንዴ አንብቦታል፤ ብታቃጥለው እያደር በልቡ ከጻፍከው የባሰ ይሆናል። «ፈጠራ ነው» ብለህም አትሸሽ። በጋቢው ራሱን አውቋል፤ «አንተ አይደለህም» ብትለው ሁለተኛ ክህደት ይሆንበታል።

የላክኸውን ስናነብ አንድ ነገር ጎልቶ ታየን። ታናሹ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ያለቅሳል፤ ታላቁ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አይናገርም። ሸንጎው ሳይጠይቀው ይፈርድበታል። የጥንት ሰዎች እንኳ ከከዳተኛ አምላክ የመናገር ዕድል አልነፈጉም። በጥንት ግብፆች ተረት አምላኩን ኦሳይረስን የገደለው ታናሽ ወንድሙ ነው። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ከ1900 ዓመታት በፊት ገደማ በጻፈው ላይ ታናሹ የወንድሙን ቁመት በስውር ለክቶ ያማረ ሣጥን ያሠራል፤ በግብዣ ላይ «ልኩ ለሆነው ይሁን» ብሎ ኦሳይረስ ሲተኛበት ክዳኑን ይቸነክርበታል። ከዚህ ከ2000 ዓመት በላይ ቀድሞ በፒራሚዶች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ስለ ሣጥኑ አያወራም፤ አማልክቱ ፊት የቆመው ገዳይ ግን «የነካኝ እሱ ነው» ማለቱ ተጽፏል።

ያንተ ታላቅ አምላክ ዝም ያለው አንተም አያን ጠይቀኸው ስለማታውቅ ይመስለናል። ስንጎዳ የሌላውን ሥራ ከባሕርዩ፣ የራሳችንን ከገጠመን ችግር እንቆጥረዋለን። የ9 ዓመት ልጅ ደግሞ ስለ ሱቅ ዕዳና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ አይነገረውም፤ ያልተነገረውን በክፋት ይሞላዋል። ወንድምህ በድሎህ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።

ከመነጋገራችሁ በፊት አንድ ወረቀት ሦስት ቦታ ክፈል፦ በዓይኔ ያየሁት፣ ከሰው የሰማሁት፣ የገመትኩት። ስለ ሱቁ የምታስበውን ሁሉ በየቦታው አስገባ። ብዙ ጊዜ የሚሞላው ሦስተኛው ነው። እዚያ ያረፈውን በክስ መልክ አታቅርበው፤ ወደ ጥያቄ ለውጠው።

ሽማግሌ ለጊዜው አትላክ። የወሎ ሽማግሌ ማስታረቅ ያውቅበታል፤ ነገር ግን ያሳደገህ ሰው በሰው ፊት ክብሩን ይጠብቃል፣ ነገሩም ሱቁ ሳይነሣ «በሉ አውፍ ተባባሉ» ተብሎ ይዘጋል። ቡና ላይም ሚስቱና እናትህ ባሉበት አታንሣው። ሁለታችሁ ብቻ የምትሆኑበትን፣ አንድ ሰዓት ያህል የማትቸኩሉበትን ጊዜ ምረጥ፤ ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይቀላል።

መክፈቻህ አጭር ይሁን፦ «አያ፣ ደብተሩን እንዳነበብከው አውቃለሁ። የጻፍኩት በልጅነቴ የተሰማኝን ነው። አንተ ያየኸውን ግን ጠይቄህ አላውቅም። ሱቁ ለምን ተሸጠ?» ከዚያ ዝም በል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ዝምታው ሲከብደው ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። «አሳድገኸኛል፣ ግን...» ብለህም አትጀምር፤ ከ«ግን» በፊት የመጣ ምስጋና ማባበያ ሆኖ ይሰማል። ምስጋናህን ለብቻው፣ በሌላ ቀን ንገረው። ድምፅ ከፍ ካለ አቁሙ፤ የተቆጣ ሰው ሰውነቱ እስኪረጋ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ስትነሣ «ከመግሪብ በኋላ እንቀጥላለን» በል፤ ሳትናገር ከሄድክ ረግጦኝ ሄደ ይላል።

ከእናትህ ጋር ስለ ሽርክ አትከራከር። የምታምናቸውን ሼህ አብራችሁ ጠይቁ፤ ያ ጥያቄ የእኛ ሙያ አይደለም።

ረቂቁን ቀን ጽፈህበት አስቀምጠው፤ እስክትነጋገሩ አንድ መስመር አትለውጥ። አሁን ታላቁን ደግ ብታደርገው ነገሩ ገብቶህ ሳይሆን ፈርተህ ነው። ከተነጋገራችሁ በኋላ ግን በታላቁ አንደበት ጻፍ፤ በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ ፊደል ሳታርም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔኔቤከር ከባልደረባው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር በዚህ መጠን ጽፈው ነበር። ወዲያው እንደጨረሱ ስሜታቸው ይከፋ ነበር፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ስሜታቸውንም የሆነውንም አብረው የጻፉት ወደ ሐኪም መሄዳቸው ቀነሰ። ስለዚህ ልትተኛ ስትል አትጻፍ።

ወንድምህ «ድርሻህን በልቻለሁ» ካለህ ወይም አልመልስም ካለ፣ ጉዳዩ የውርስ ነው። የውርስ ጥያቄ የይርጋ ገደብ (ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት ጊዜ) ስላለው ሳትዘገይ ጠበቃ አማክር። ሽማግሌም ያኔ ይጠራ፤ ሲቀመጡ ግን የሱቁ የሽያጭ ውል ፊታቸው ይቅረብ።