የኮሎራዶ ስቴት ትሬዠረር ምርጫ፦ ጥያቄና መልስ

ኖቬምበር 3 ቀን 2026 (በእኛ ጥቅምት 24) ኮሎራዶ የስቴቱን ገንዘብ ያዥ፣ ማለትም ትሬዠረሩን ትመርጣለች። ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ቦታውን የያዙት ዴቭ ያንግ ሁለት ተከታታይ የሥልጣን ዘመን ስለሞላቸው ሕጉ ዘንድሮ አያስወዳድራቸውም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውየው ምንድን ነው ሥራው? ታክሳችንን ይቀንስልናል?

አይቀንስም፣ አይጨምርምም። እንደ እድር ገንዘብ ያዥ አስቡት፦ መዋጮው ስንት ይሁን የሚለውን አይወስንም፣ የተዋጣውን ይጠብቃል፣ በደንቡ መሠረት ይከፍላል። ታክስ የሚሰበስበው የስቴቱ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ነው። በጀቱን የሚያወጣው ምክር ቤቱ ነው። ከ1992 ጀምሮ ደግሞ ታቦር በሚባለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የተነሳ አዲስ ታክስ ያለ ሕዝብ ድምፅ አይጣልም።

የትሬዠረሩ ድርሻ የስቴቱን ጥሬ ገንዘብ ማስቀመጥ፣ ወጪ እስኪሆን ድረስ አስተማማኝ ቦታ ኢንቨስት ማድረግና ክፍያ ማስኬድ ነው። በተጨማሪ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ፈንድ በሆነው በፔራ ቦርድ ላይ በሥልጣኑ ድምፅ አለው። የዴንቨር የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሠራተኞች ከ2010 ጀምሮ እዚያ ውስጥ ናቸው። ኤርፖርት ላይ የዴንቨር ከተማ ተቀጣሪ የሆነ ግን የራሱ የከተማው ፈንድ ስላለው ይሄ አይነካውም።

ጥያቄ፦ በ2022 የመጣው 750 ዶላር ቼክ እንደገና እንዲመጣ ማንን ልምረጥ?

ያ ገንዘብ የታቦር ትርፍ፣ ማለትም ስቴቱ ታቦር ከሚፈቅድለት በላይ የሰበሰበው ገንዘብ ነበር፣ አከፋፈሉን የወሰነው ምክር ቤቱ ባወጣው ሕግ ነው። ለትሬዠረርነት የሚወዳደር ሰው «ቼክ አስልክላችኋለሁ» ካለ ወይ ሥራውን አያውቀውም፣ ወይ እናንተ አታውቁትም ብሎ ነው።

ጥያቄ፦ አውሮራ ነው የምኖረው። ባለፈው ባሎቱ (የድምፅ መስጫ ወረቀቱ) ላይ ትሬዠረር የሚል ሁለት ቦታ አየሁ። ስህተት ነው?

ስህተት አይደለም። አንደኛው የስቴቱ፣ ሌላኛው የካውንቲዎ ነው። የቤትዎን ፕሮፐርቲ ታክስ የሚቀበለው የካውንቲው ነው። አውሮራ በአራፓሆ፣ በአዳምስና በዳግላስ ካውንቲዎች ላይ ስለተዘረጋች መንገድ ተሻግሮ ያለው ጎረቤትዎ ሌላ ዕጩዎች ሊያይ ይችላል። ዴንቨር ውስጥ ግን የከተማው ትሬዠረር በሹመት ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ የዴንቨር ሰው የስቴቱን ብቻ ያገኛል።

ፕሮፐርቲ ታክስ ከተነሳ አይቀር፣ ዕድሜዎ 65 ከሆነና ታክሱ ከከበደዎ ማመልከቻው የሚሄደው ወደ ስቴቱ ትሬዠረር ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 1 ያመለክታሉ፣ ስቴቱ ለካውንቲው ይከፍልልዎታል። ስጦታ ግን አይደለም፣ ወለድ ያለው ብድር ነው፣ ቤትዎም ላይ እዳው ይመዘገባል።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። የስቴት ምርጫ ስለሆነ መምረጥ እችላለሁ?

አትችልም። መመዝገብም የለብህም። «ዜጋ ነኝ» ብሎ መፈረም ብቻውን ዜግነት ስታመለክት ችግር ያመጣል፣ ከአገር እስከ መባረርም ያደርሳል። በፖስታ ጥሪ መድረሱ መብት አይሰጥም። በ2022 ኦክቶበር ላይ የስቴቱ ምርጫ መሥሪያ ቤት ዜጋ ላልሆኑ ወደ 30,000 ለሚጠጉ ሰዎች «ተመዝገቡ» የሚል ካርድ በስህተት ልኮ ነበር። እንዲህ ያለ ካርድ ቢመጣ ችላ ማለት ነው።

ለዕጩ ገንዘብ ማዋጣት ግን በግሪን ካርድ ይቻላል። ግሪን ካርድ የሌለው የውጭ ዜጋ አንድ ዶላርም ማዋጣት አይችልም፣ በዜጋ ስም አድርጎ መስጠትም ወንጀል ነው። ካምፓኒ ለዕጩ በቀጥታ ስለማይሰጥ የሬስቶራንቱን ቼክ እንዳትጽፉ፣ የግል ቼካችሁን ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ዜግነቴን በቅርቡ ወሰድኩ። መንጃ ፈቃድ ስላለኝ በራሱ ይመዘግቡኛል ተባልኩ።

በዚያ አትተማመኚ። መንጃ ፈቃዱን ያወጣሽው በግሪን ካርድ ከሆነ ያኔ የተያዘው መረጃ ዜጋ አይደለችም ነው የሚለው፣ ከዚያ በኋላ ለዜግነት መማልሽን እነሱ አያውቁም። ራስሽ ተመዝገቢ። ምርጫው ሊደርስ 8 ቀን እስኪቀር ከተመዘገብሽ ባሎቱ በፖስታ ይላክልሻል። ካለፈሽ ወደ ምርጫ ማዕከል በአካል ሄደሽ እስከ ምርጫው ዕለት ድረስ እዚያው ተመዝግበሽ መምረጥ ትችያለሽ፤ ከምርጫው በፊት 22 ቀን ኮሎራዶ መኖርሽ ብቻ ይጠየቃል። ለመታወቂያ መንጃ ፈቃድ፣ ፓስፖርት፣ ፎቶ ያለበት የዜግነት ሰርተፊኬት ይሆናል። በ60 ቀን ውስጥ የመጣ፣ ስምና አድራሻ ያለበት የመብራት ወይም የባንክ ወረቀትም ይቀበላሉ።

ዜግነት ስትወስጂ ስም ከቀየርሽ አንዱን ስም ያዢና መንጃ ፈቃዱንም፣ ሶሻል ሴኪዩሪቲውንም፣ ምዝገባውንም በእሱ አስተካክዪ። ሌላም አለ፦ ቤት ከቀየርሽ ፖስታ ቤት ደብዳቤሽን ወደ አዲሱ አድራሻ ቢያዞርም ባሎትን አያዞርም፣ ወደ ካውንቲው ነው የሚመልሰው። አፓርታማ ቶሎ ቶሎ የሚቀያይር ሰው «አልመጣልኝም» የሚለው ባብዛኛው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ በአማርኛ ነው የሚፈርሙት። ይጣልባቸዋል?

በአማርኛ ስለሆነ አይጣልም። ችግር የሚመጣው ፊርማው ካውንቲው ዘንድ ካለው ሲለይ ነው። ባሎቱ ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው በፖስታው ጀርባ ያለው ፊርማ ነው፣ ከመንጃ ፈቃዱ፣ ከምዝገባው፣ ከዚህ በፊት ከመጡ ፖስታዎች ጋር ይመሳከራል። እናትህ መታወቂያቸው ላይ በአማርኛ ፈርመው ፖስታው ላይ ልጅ እያስረዳቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ስማቸውን ከጻፉ ፊርማውን ለሚያመሳክረው የምርጫ ሠራተኛ የሁለት የተለያዩ ሰዎች ፊርማ ነው የሚመስለው። መታወቂያው ላይ እንዳለው ይፈርሙ።

መፈረም የማይችሉ ከሆነ ምልክት ያደርጋሉ፣ አጠገባቸው ያለ አንድ ሰው ምስክር ሆኖ ይፈርማል። አንተ በእሳቸው ስም መፈረም ግን አትችልም፣ የውክልና ሥልጣን ቢኖርህም እንኳ። የሁለት ሰው ባሎት አንድ ቤት ሲመጣ አባት በእናት ፖስታ፣ እናት በአባት ፖስታ መፈረምም የተለመደ ነው። ስሙን አይታችሁ አከፋፍሉ።

ፊርማው አልተመሳሰለም ከተባለ ካውንቲው ደብዳቤ ይልካል። ፎርሙን ሞልቶ ከመታወቂያ ኮፒ ጋር ከምርጫው በኋላ እስከ 8ኛው ቀን ድረስ መመለስ ነው፣ በስልክ ቴክስትም ማድረግ ይቻላል። ደብዳቤውን ማስታወቂያ መስሎት የሚጥለው ሰው ድምፁ እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ ለማይችሉ እኔ ላንብብላቸው? ባሎታቸውንስ ላድርስላቸው?

አዎ። የፌደራሉ የምርጫ መብት ሕግ ማንበብ የሚቸገር ሰው ረዳቱን ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። የሚከለከሉት አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ናቸው፣ ስለዚህ የሱቁ ባለቤት ለሠራተኛው አይሙላ። በሌላ ቋንቋ ባሎት እንዲታተም የሚያስገድደው የፌደራል ሕግ ስፓኒሽን፣ የእስያንና የአገሬውን ቀደምት ሕዝቦች ቋንቋዎች ነው የሚሸፍነው፣ አማርኛ የለበትም፤ ረዳት መያዙ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ማድረስን በተመለከተ በአንድ ምርጫ ከራስህ ሌላ እስከ 10 ሰው ድረስ ማድረስ ትችላለህ። ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰላሳ ፖስታ ሰብስቦ መሄድ ሕግ መጣስ ነው፣ ቀና አስቦ የሠራው ሰው እንኳ ይጠየቃል።

ጥያቄ፦ እስከ ስንት ሰዓት ነው?

በምርጫው ዕለት በአሜሪካ አቆጣጠር ከምሽቱ 7 ሰዓት፣ በሀበሻ ማታ 1 ሰዓት። ለትልልቅ ሰዎች ስትነግሩ ሁለቱንም ንገሩ፤ «7 ሰዓት» ስትሏቸው ቀን ላይ ያበቃ የሚመስላቸው አሉ። የፖስታ ቤት ማኅተም ቀን አይቆጠርም፣ ወረቀቱ ካውንቲው እጅ መግባት አለበት። ስለዚህ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ፖስታ ቤት አትስጡ፣ ካሜራ ያለበት ድሮፕ ቦክስ ውስጥ ክተቱት። ሰዓቱ ሲሞላ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ግን ይስተናገዳል።

ያን ቀን አዲስ አበባ የሚሆን ዜጋ ቀደም ብሎ በውጭ አገር መራጭነት ያመልክት፣ ባሎቱ በኢሜል ይላክለታል። እሱም ቢሆን በኮሎራዶ ሰዓት 7 ከመሆኑ በፊት መላክ አለበት፣ ያ ማለት አዲስ አበባ በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ የምንም ፓርቲ አባል አይደለሁም። በፕራይመሪ (ፓርቲዎቹ ዕጩ በሚለዩበት ቅድመ ምርጫ) ሁለት ባሎት ነው የሚመጣልኝ፣ ሁለቱንም ልሙላ?

አንዱን ብቻ። በጁን የመጨረሻ ማክሰኞ በሚካሄደው ፕራይመሪ ፓርቲ ላልመረጠ ሰው የዲሞክራቱም የሪፐብሊካኑም ይላካል። ሁለቱንም ሞልቶ ከመለሰ ሁለቱም አይቆጠሩም። አንዱን ቀዳችሁ ጣሉት።

ጥያቄ፦ የተሳሳተውን ስም አጥቁሬዋለሁ። ትሬዠረሩንስ ባልፈው ሌላው ይበላሻል?

በስህተቱ ላይ መስመር አስምረሽ ትክክለኛውን አጥቁሪ፣ የባሎቱ መመሪያም የሚለው ይሄንኑ ነው። ሁለት ስም አጥቁሮ መተው ግን ለዚያ ቦታ ያለውን ድምፅ ያሳጣል። ባዶ ማለፍ ይቻላል፣ ሌላው ሁሉ ይቆጠራል። ከስቴቱ በየቤቱ የሚመጣው ሰማያዊ መጽሐፍ ስለ ሕዝበ ውሳኔዎችና ስለ ዳኞች እንጂ ስለ ትሬዠረር ዕጩዎች አይናገርም፣ እዚያ አትፈልጊ።

ጥያቄ፦ ስድስት ሠራተኛ ያለው ሬስቶራንት አለኝ። ይሄ መሥሪያ ቤት እኔን ይመለከተኛል?

በደንብ! በ2023 የጀመረው ኮሎራዶ ሴኪዩር ሴቪንግስ በትሬዠረሩ ሥር ነው። 5 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው፣ ሁለት ዓመት የሠራና የራሱ የጡረታ ዕቅድ የሌለው ድርጅት ሠራተኞቹን ማስመዝገብ አለበት። ከደሞዝ 5 በመቶ ተቆርጦ በሠራተኛው ስም ሮዝ አይአርኤ በሚባል የጡረታ ቁጠባ ሂሳብ ውስጥ ይገባል፣ ሠራተኛው ካልፈለገ ይወጣል። እርስዎ ከኪስዎ የሚያዋጡት የለም፣ ማስመዝገብና ቆርጦ መላክ ግን የእርስዎ ሥራ ነው። የሚቀጥለው ትሬዠረር ይህን ፕሮግራም ያጠናክራል ወይስ ያዳክማል? ዕጩዎቹን መጠየቅ ያለብዎ እሱን ነው፣ ቀጥሎም ፔራ ቦርድ ላይ ምን ብሎ እንደሚመርጥ።

ባለቤት የጠፋለት ገንዘብም እዚያው ነው የሚቀመጠው፣ ግሬት ኮሎራዶ ፔይባክ ይባላል፦ ያልተመነዘረ ቼክ፣ የተረሳ የባንክ ሂሳብ፣ ያልተመለሰ ዲፖዚት። ስንፈልግ የእኛ ሰው የሚሳሳተው ስም ላይ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዞታል። «ተስፋዬ» ደግሞ በእንግሊዝኛ ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል። ሁሉንም ሞክሩ። ነፃ ነው፣ «ፐርሰንት ስጡኝና ላውጣላችሁ» ለሚል አትክፈሉ።

ጥያቄ፦ ከእኛ አንዱ መወዳደር ይችላል?

ይችላል። 25 ዓመት የሞላው፣ ዜጋ፣ ኮሎራዶ ሁለት ዓመት የኖረ። አሜሪካ መወለድ አያስፈልግም። አቀበቱ ባሎት ላይ መግባቱ ነው። አንደኛው መንገድ የፓርቲው ጉባኤ ላይ 30 በመቶ ድምፅ ማግኘት ነው። ሁለተኛው በእያንዳንዱ የኮንግረስ ወረዳ 1,000 የፓርቲውን አባላት ፊርማ መሰብሰብ ነው፣ ወረዳዎቹ 8 ናቸው። ዴንቨር ውስጥ ሰው ብናውቅም የምሥራቁ ሜዳና የምዕራቡ ተራራ ፊርማ ሌላ ጉልበት ይጠይቃል። ጉባኤ ገብቶ ከ10 በመቶ በታች ያገኘ ደግሞ ወደ ፊርማው መመለስ አይችልም።

ጥያቄ፦ ውጤቱ ተቀራራቢ ቢሆንስ?

ልዩነቱ ከአሸናፊው ድምፅ 0.5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ማንም ሳይጠይቅ እንደገና ይቆጠራል። አሸናፊው 1,300,000 አግኝቶ ከሆነ 6,500 ማለት ነው። በ2018 ያንግ ብራያን ዋትሰንን፣ በ2022 ላንግ ሲያስን ሲያሸንፉ ልዩነቱ ከዚህ በጣም ሰፊ ነበር። በምርጫው ማታ የሚወጣው ቁጥር ግን ያለቀ አይደለም፤ የፊርማ ማስተካከያውና የውጭ አገር ባሎቶች እስከ 8ኛው ቀን ይገባሉ።