ትከሻው አረንጓዴ የሆነው ቲማቲም

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ የጓሮ ቲማቲም የሚያበቅሉ ሰዎች ፍሬያቸውን ይዘው ሲሰባሰቡ አንዲት ወጣት ከጠረጴዛው አንዱን አንስታ፣ «ጋሼ፣ ይሄኛው ትከሻው አረንጓዴ ነው፤ ታሞ ነው?» አለችኝ። «ቅመሺው» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም።

በግብርና ባለሙያነት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ እንዲህ ባለ የቲማቲም ቀን ዳኛ አድርገው አስቀመጡኝ። መመዘኛውን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ፤ መጠን፣ ቅርጽ፣ የቀለም እኩልነት። ጣዕምም ነበረበት፤ የሚቀመሱት ግን በመልክ ያለፉት ብቻ ነበሩ።

አንዲት እናት ሰባት ፍሬ በቅርጫት ይዘው መጡ። ሽንሽን ያላቸው፣ ትከሻቸው አረንጓዴ፣ በእንብርታቸው ዙሪያ የተሰነጠቁ ቲማቲሞች ናቸው። «እትዬ፣ እነዚህ እኩል አልበሰሉም» አልኳቸው። «ዛሬ ጠዋት ነው የለቀምኳቸው ልጄ፣ እስቲ አንዱን ቅመስ» አሉኝ። ቢላው አጠገቤ ነበር። እኔ ግን የመሰንጠቁን ምክንያት ማስረዳት ጀመርኩ፦ ተክሉ ውሃ ጠምቶት ከርሞ ድንገት ብዙ ሲያገኝ የፍሬው ሥጋ ቆዳውን ቀድሞ ያብጣል። ያልኩት ስህተት አልነበረም። እሳቸው እያዳመጡኝ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቅርጫቱ መለሱና ጨርቅ አለበሷቸው። ጨርቁን ዳርና ዳር ሲያስተካክሉ የነበረው ጥንቃቄያቸው እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ሽልማቱን ለአንድ ድቡልቡል ቀይ ቲማቲም ሰጠሁት። ጣዕሙ ምን እንደሚመስል አላስታውስም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ጥናት ሳነብ ነው ያ ቅርጫት የመጣብኝ። ትከሻውን የሚያረነጉደው ጂን ፍሬው ራሱ ከፀሐይ ብርሃን ስኳር እንዲሠራ ያግዘዋል። አዳቃዮች ግን እኩል የሚቀላ ፍሬ ፍለጋ ለአሥርት ዓመታት የመረጡት ያ ጂን የተበላሸበትን ዘር ነበር። የሴትዮዋን ቤት አፈላልጌ ሄድኩ። አርፈዋል። ልጃቸው፣ ከዚያ ዓመት ወዲያ ወደ ስብሰባው እንዳልሄዱ፣ ዘሩንም ያስቀመጠ እንደሌለ ነገረኝ።

ስለ ማዳበሪያና ስለ ድጋፍ እንጨት አልጽፍላችሁም፤ ስልካችሁ ይነግራችኋል። ፎቶ ሳታነሱ የማትቀምሱት ነገር ግን ያናድደኛል። እኔም በዓይኔ የፈረድኩ ሰው ነኝ፣ ይሁን።

የጣፈጣችሁን ፍሬ ዘር አስቀሩ። ከነጭማቂው 2 ወይም 3 ቀን ይብላላ፣ ዝልግልጉ ሲለቅ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ እርጥበት ካልነካው ዓመታት ይቆያል። ድቅል ከሆነ፣ ማለትም ሁለት የተለያዩ ዘሮች ተዳቅለው የተገኘ ከሆነ፣ ልጁ እናቱን አይመስልምና በእሱ አትድከሙ። ድቅል እጠላለሁ ማለቴ አይደለም፤ ውርጭ መሰል በሽታ ጓሮውን ሁሉ ባጠቆረበት ዓመት የተረፈልኝ እሱ ብቻ ነው። ፍሪጅም አታስገቡት፤ ከ12 ዲግሪ በታች መዓዛው ይቀንሳል። እኔ አንዳንዴ አስገባዋለሁ፣ ዝንብ ሲበዛ።

ልጅቷ ስትመለስ አገጯ ላይ ጭማቂ ነበር። «የማን ነው?» አለችኝ። አላወቅኩም። ሰዉ ጠረጴዛውን ማጠፍ ጀምሮ ስለነበር ባለቤቱን ፍለጋ እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ ወጣን።