ከምናለሽ ተራ የመጡት ዘጠኝ ሥዕሎች

«የሥዕል ተመራቂ ነኝ። መርካቶ ምናለሽ ተራ እየተመላለስኩ፣ የዘይት ቆርቆሮ ምድጃ ሲሆን እያየሁ ዘጠኝ ሥዕሎች ሠርቻለሁ። ቴሌግራም ላይ እንዳላወጣቸው ሐሳቤን ይሰርቁኛል ብዬ ፈራሁ። ስምንት ወር ሆናቸው። አባቴ ባንክ ግቢ ይለኛል። የሸራና የቀለም ዋጋም አልተቻለም።»

ታናሽ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ስምንት ወር የሚለው ላይ ስደርስ ደነገጥኩ።

ስለ ስርቆቱ ልንገርሽ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሥዕልሽን ከሠራሽበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቅልሻል። ማስመዝገብ እንኳ ግዴታ አይደለም። ሐሳቡን ግን አይጠብቅም፤ ምናለሽ ተራን ማንም መሣል ይችላል። ይሣል! ሠዓሊው ኤልያስ ስሜም የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና ሽቦ እዚያው መርካቶ እየሰበሰበ ነው ዓለም ያወቃቸውን ሥራዎች የሠራው። አንቺ ያየሽው ሌላ ነው። አንድ አዛውንት ቀጥቃጭ መዶሻ ከማንሳታቸው በፊት ቆርቆሮውን በመዳፋቸው እንደሚዳብሱ ጽፈሽልኛል። ይህን ማን ይሰርቅሻል?

ስለዚህ አውጪያቸው። በሳምንት አንድ ይበቃል። ቀን፣ መስኮት አጠገብ ፎቶ አንሺ፤ ፍላሽ ቀለሙን ይገድለዋል። መጠኑን፣ በምን እንደተሠራና ዓመቱን ጻፊ። ከዚያ ስለዚያ መዳፍ ሦስት አራት መስመር ጨምሪ። «የሕይወት ውጣ ውረድ» ዓይነት ትልልቅ ቃል ይቅርብሽ። ሥዕል ገዝቶ ሳሎኑ የሚሰቅል ሰው ለእንግዳው የሚያወራው ነገር ይፈልጋል። ዋጋውንም በግልጽ ጻፊ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ሲባል ብዙ ሰው መጠየቅ ያፍርና ያልፋል።

አጥብቄ የምናገረው ደርሶብኝ ነው። ማተሚያ ቤት 11 ዓመት ስሠራ ማታ ማታ እሥል ነበር። «ሲበስሉ አሳያለሁ» እያልኩ አልጋ ሥር አስቀመጥኳቸው። አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ 14ቱንም አበላሻቸው። ፎቶ እንኳ አላነሳኋቸውም። ዛሬ እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው የለም።

አባትሽን አከብራለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እሳቸው ግን ሥዕልን መረጡ። አምስት ዓመት በተማርሽበት ሙያ ላይ አንድ ዓመት እንኳ ሳትሞክሪ ባንክ መግባት ትምህርቱን መጣል ነው። ባንክ ቀንሽን ሙሉ ይወስደዋል፤ ማታ የሚተርፍሽ ድካም ነው።

ለሸራው ገንዘብ የግማሽ ቀን የግራፊክስ ሥራ ፈልጊ፤ ማተሚያ ቤቶችን ጠይቂ። ቀለም ማዋሃድ እዚያ በደንብ ይለመዳል።

የመጀመሪያውን ከማውጣትሽ በፊት ግን ፎቶውን ይዘሽ ምናለሽ ተራ ሂጂ። መጀመሪያ ለአዛውንቱ አሳዪያቸው።