ርካሹን የ22 ሲሊንደር አትግዛ፤ እኔ ገዝቼ ሁለት ኮምፕሬሰር አቃጥያለሁ

ወንድሜ፣ ሙሃረቅ ውስጥ የምትሠራበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ አር-22 በሚባለው ማቀዝቀዣ ጋዝ የሚሠራ ስድስት አሮጌ ኤሲ እንዳለ፣ የሱቁ ጋዝ አልቀመስ እንዳለህና አንድ ሰው በግማሽ ዋጋ ሲሊንደር እንዳመጣልህ ጽፈህ «እሱን ልሙላ ወይስ ሌላውን ጋዝ፣ 410ን፣ ልክተትበት?» ብለሃል። እኔ እዚሁ ባሕሬን፣ ጉደይቢያ ውስጥ በዚሁ ነገር ተቃጥያለሁና ስማኝ።

1. 410ኤን በ22 ማሽን ውስጥ እንዳትከት። ግፊቱ በ60 ከመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ጋዙን የሚያምቀው አሮጌው ሞተር፣ ኮምፕሬሰሩ፣ አይችለውም። ዘይታቸውም አይገናኝም።

2. ዋጋው ይወርዳል ብለህ አትጠብቅ። 22 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ ሞንትሪያል ፕሮቶኮል በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እየተቀነሰ ነው። ባሕሬን ያለችበት የታዳጊ አገሮች ሰንጠረዥ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከ2009 እና 2010 አማካይ ፍጆታ በ2020 ቢያንስ 35 ከመቶ፣ በ2025 ደግሞ 67.5 ከመቶ ቀንሱ ይላል። ከ2030 በኋላ የሚቀረው ለጥገና የምትሆን ጥቂት ናት። ጋዙ እዚህ አይመረትም፣ የሚገባው በኮታ ነው፤ ኮታው ሲጠብ ሐሰተኛው ሲሊንደር ይበዛል። አገር ቤት ገብቼ ሱቅ እከፍታለሁ ካልክም ኢትዮጵያ እዚያው ሰንጠረዥ ላይ ናት።

3. ደረሰኝ የሌለው ሲሊንደር አትንካ። የደረሰብኝን ልንገርህ። ኦገስት ነበር፤ በቀትር ውጭ መሥራት ስለሚከለከል ማታ ማታ ነው ጣሪያ የምወጣው። ተከራዩ በሙቀት አብዷል፣ ስልኬ አያርፍም። አንድ ሰው በፒክአፕ ሁለት ሲሊንደር ይዞልኝ መጣ። ፈዛዛ አረንጓዴ ቀለሙ፣ 13.6 ኪሎ የሚለው ጽሑፉ፣ ካርቶኑ፣ ምንም አይጎድለውም። አራት ኤሲ ሞላሁበት። ሦስት ቀን በረዶ ሆኑ። በሳምንቱ የሁለቱ ኮምፕሬሰር ተቃጠለ፤ ዘይቱ ከሰል መስሎ ወጣ። ዋጋቸው አምስት ወር ሙሉ ከደመወዜ ተቆረጠ። ለእናቴ የምልከው ብር ነበር።

ሌላው እንዳይበላ ብዬ ሲሊንደሩን ተሸክሜ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ከፊልህን (ስፖንሰር አሠሪህን) ላክ» ብሎ አመናጨቀኝ። ማስረጃውን በእጄ ይዤለት! ከተቆረጠብኝ ብር ይልቅ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

የተረፈውን ያየልኝ አንድ የኬረላ፣ የሕንድ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው። ሲሊንደሩን ጥላ ውስጥ አሳድሮ፣ ቴርሞሜትር በቴፕ ጎኑ ላይ አጣብቆ የግፊት መለኪያ ጌጅ ሰካበት። 35 ዲግሪ ላይ ንጹሕ 22 ከሆነ 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው የሚያሳየው። የኔው 230 አለፈ፤ ድብልቅ ነበር። ግን ጌጅ ብቻውን አይበቃህም። ፕሮፔን በዚያው ሙቀት 160 አካባቢ ስለሚያሳይ ከ22 ጋር ቀላቅለው ሲሸጡት ልዩነቱ ከዓይን ያመልጣል። ፕሮፔን ደግሞ ይነዳል። እኔ ምኑንም ሳላጣራ እዚያው ቱቦ ላይ እሳት ይዤ ስበይድ ነበር፤ ሳስበው ይዘገንነኛል። የጋዝ መለያ መሣሪያ ያለው ዎርክሾፕ ካወቅህ ከፍለህም ቢሆን አስመርምረው።

ከዚያ በኋላ ስልጠና ገባሁ፣ ጋዝ ከኤሲ ስቦ የሚያወጣ ሪከቨሪ ማሽንም ገዛሁ። ባንተ ቦታ ብሆን የባሰባቸውን ሁለቱን አንስቼ አር-32 በሚባለው ጋዝ በሚሠራ አዲስ ኤሲ እቀይራለሁ። 410 አትበለኝ፤ እሱ ራሱ በዚያው ስምምነት የ2016ቱ (በፈረንጅ) የኪጋሊ ማሻሻያ እንዲቀነሱ ከተባሉት ጋዞች አንዱ ነው፣ ምድርን በማሞቅ ደግሞ 32ን ሦስት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። 32 ግን በመጠኑም ቢሆን እሳት ይይዛልና ስትበይድ ተጠንቀቅ። ከሁለቱ የምታወጣውን 22 አየር ላይ እንዳትለቀው፤ ንጹሕ ከሆነ ለአራቱ ስንቅህ ነው። እነሱንም ከመሙላትህ በፊት ጋዙ የሚያመልጥበትን በናይትሮጅን ፈልግ፤ የባሕሩ ጨው ሙቀቱን ውጭ የሚያስወጣውን ኮንደንሰር ይበላዋል። እኔ እንዲህ እያደረግሁ አምናም ዘንድሮም አንድ አዲስ የ22 ሲሊንደር አልገዛሁም፤ የጉደይቢያው ሕንፃም አንድ ቀን ሞቆ አላደረም።

ዓርብ እረፍት ነኝ። ሲሊንደሩን ሐሙስ ማታ ጥላ ውስጥ አቁመው፤ ጌጄንና ቴርሞሜትሬን ይዤ በጠዋት እመጣለሁ። ለሰውየው ብሩን ገና ካልሰጠኸው እስከዚያ አትስጠው።