«ኮርኒያዬ 490 ከሆነ ትክክለኛው ግፊቴ ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ

እህታችን፣ የዓይንዎ ግፊት 17 ተለክቶ ሳለ ኮርኒያዎ (ከዓይን ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን) ውፍረቱ 490 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ስለሆነ «ትክክለኛው ከዚህ ከፍ ሳይል አይቀርም» ተብለዋል፤ በ17ቱ ላይ ስንት እንደሚጨመርም ጠይቀዋል። የተነገረዎት ልክ ነው። የሚጨመረውን ቁጥር ግን ማንም በእርግጠኝነት ሊሰጥዎ አይችልም።

በሰማያዊ መብራት የሚሠራው የዓይን ግፊት መለኪያ፣ የጎልድማን ቶኖሜትር፣ የሚለካው ኮርኒያውን መሃሉ ላይ 3.06 ሚሊ ሜትር ስፋት ያህል ጠፍጣፋ ለማድረግ የሚያስፈልገውን ኃይል ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ሲሠራ የኮርኒያ ውፍረት ከ500 እስከ 520 ማይክሮን አካባቢ ነው ተብሎ ታሰበ። ቀጭን ኮርኒያ ቶሎ እጅ ስለሚሰጥ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ወፍራሙ ስለሚገፋ ከፍ ይላል። በአየር ግፊት የሚለካው መሣሪያ በውፍረት ይበልጥ ይሳሳታል።

ማስተካከያ ቀመሮች አሉ፤ ግን እርስ በርስ አይስማሙም። ለ50 ማይክሮን ልዩነት አንዱ 1 ያህል ይጨምራል፣ ሌላው ከ3 በላይ። ምክንያቱም የኮርኒያ ጥንካሬ በውፍረት ብቻ አይወሰንም። ውኃ ቋጥሮ ያበጠ ኮርኒያ ወፍራም ነው፤ ግን ለስላሳ ስለሆነ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። በዚህ ዓይን ላይ ቀመሩን የተጠቀመ ሰው ደግሞ ይቀንስበታል፤ ጭራሽ ተቃራኒው ነው የሚያስፈልገው። በሌዚክ (መነጽር ለመተው ኮርኒያን በሌዘር በሚያስተካክለው ቀዶ ሕክምና) የተስተካከለ ዓይንም እንዲሁ ዝቅ ብሎ ይነበባልና፣ ሠርተው ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

ስለዚህ 490ን «ቀጭን» ብሎ መመዝገብ ይበቃል። ቀጭን መሆኑ በራሱ ትርጉም አለው፦ ግፊታቸው ከፍ ባለ ሰዎች ላይ በአሜሪካ ተካሂዶ በ2002 በወጣው ትልቅ ጥናት፣ ኮርኒያቸው 555 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች የሆነው ከ588 በላይ ከሆኑት ይልቅ በግላኮማ (የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ በሚጎዳ በሽታ) የመያዝ ዕድላቸው 3 እጥፍ ያህል ነበር።

አለካኩም ከውፍረቱ ባልተናነሰ ያሳስታል። ለልኬቱ ዓይን ላይ የሚደረገው ቢጫ ማቅለሚያ ከበዛ ሐኪሙ በመሣሪያው የሚያያቸው ግማሽ ክቦች ወፍረው ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ካነሰ ይቀጥኑና ዝቅ ይላል። ትንፋሽ መያዝ፣ አንገት ያነቀ ኮሌታ፣ ዓይንን አጥብቆ መጭመቅ ቁጥሩን ይሰቅሉታል። ሽፋሽፍት የሚያነሣው ጣት ማረፍ ያለበት አጥንቱ ላይ ነው፤ ዓይኑን ከተጫነ ግፊቱን የፈጠረው ጣቱ ነው። መሣሪያውም በ0፣ በ20 እና በ60 ላይ በየጊዜው መፈተሽ አለበት። ውፍረቱ ሲለካ ደግሞ የአልትራሳውንዱ ጫፍ ከመሃል ከወጣ ወይም ካዘነበለ ወፍራም ያነባል፤ ተደጋግሞ መለካት ያለበት ለዚህ ነው። ኮንታክት ሌንስ ካለ አስቀድሞ ይወጣል።

ሕክምና ይጀመር አይጀመር የሚለውን የሚወስነው በዋናነት የዓይን ነርቭዎ ነው፦ የነርቩ ጽዋ (በነርቩ ጫፍ መሃል ያለው ጎድጓዳ)፣ የኦሲቲ ምስሉ (የነርቩን ንብርብር በብርሃን የሚያሳየው)፣ የእይታ መስክ ምርመራው፣ ዕድሜዎና የቤተሰብ ታሪክዎ አብረው ይታያሉ። ነርቩ ተጎድቶ ከሆነ 17 ለእርስዎ ብዙ ነው፤ «ኖርማል ነው» ብሎ የሚያረጋጋዎትን አይስሙ። ነርቩም መስኩም ደህና ከሆነ ያለ ጠብታ (ግፊት ቀናሽ የዓይን መድኃኒት) በቅርብ መከታተልም አንዱ መንገድ ነውና ሐኪምዎን በግልጽ ይጠይቁ።

ጠብታ ከጀመሩ የሚታየው ከመነሻው ምን ያህል እንደወረደ ነው። 17 ወደ 12 ከወረደ 30 በመቶ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው፤ ኮርኒያዎ በሁለቱም ጊዜ ያው ስለሆነ ንጽጽሩ ይሠራል። ይህ የሚሆነው ግን በአንድ ዓይነት መሣሪያ ሲለካ ነው፤ ግፊት በቀን ውስጥ ስለሚለዋወጥ ሰዓቱም ቢቀራረብ ይመረጣል። በካርድዎ ላይ ከቁጥሩ ጎን መሣሪያውንና ሰዓቱን ያስጽፉ፤ ሐኪም ቢቀይሩም 490ው አብሮዎት ይሂድ።