መልስ፦ ከዩኒቨርስ ሳንወጣ ጉብጠቱን እንዴት እንለካለን?

መውጣት አያስፈልግህም፤ አንድ ግዙፍ ሦስት ማዕዘን ይበቃሃል።

1. መሠረቱ፦ በጥንቱ የማይክሮዌቭ ጨረር (ዩኒቨርስ ገና ወጣት ሳለ ተለቆ ዛሬም ከሁሉም አቅጣጫ በሚደርሰን ብርሃን) ላይ ያሉት ሞቅና ቀዝቀዝ ያሉ ነጠብጣቦች። እውነተኛ ስፋታቸው በስሌት ይታወቃል፤ የድምፅ ሞገድ በዩኒቨርስ የመጀመሪያዎቹ 380,000 ዓመታት ገደማ፣ በጊዜው በነበረው ትኩስ ጋዝ ውስጥ ከተጓዘው ርቀት ይመጣል።
2. ጫፉ፦ እኛ ያለንበት ቦታ። ከዚህ ሆነህ ነጠብጣቦቹ ሰማይ ላይ ስንት ዲግሪ እንደሚይዙ ለካ። ኅዋ ዝርግ ከሆነ 1 ዲግሪ ገደማ ይሆናሉ። እንደ ኳስ ከጎበጠ ተልቀው ይታያሉ፤ በተቃራኒው፣ እንደ ኮርቻ ከጎበጠ ያንሳሉ።

ቡመራንግ የተባለው ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ በፊኛ ተንጠልጥሎ አንታርክቲካ ላይ ሲበር ያገኘው ያንኑ 1 ዲግሪ ገደማ ነው። በጣም የሚገርም ልኬት ነው!

ግን አደራ፣ በጨረሩ ብቻ አትደምድም። ተማሪዎች ሲሳሳቱ የማየው እዚህ ጋ ነው። የሃብልን ቁጥር (ዩኒቨርስ የሚሰፋበትን ፍጥነት) ዝቅ ካደረግከው ትንሽ የጎበጠ ኅዋም ያንኑ ማዕዘን ይሰጥሃል። የጋላክሲዎችን ስርጭት ልኬት ጨምርበት። ይህንኑ ጨረር የለካው የፕላንክ ሳተላይት ዳታ ከዚያ ጋር ሲጣመር የጉብጠቱ ቁጥር (ዜሮ ማለት ዝርግ ነው) 0.001 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.002 ነው፤ ከዜሮ አይለይም።