ሊዝ መኪናውን ከመመለስሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት ላስታውስ፦ ሜሪላንድ ነሽ፣ የ36 ወር ሊዝሽ (የመኪናው የረጅም ጊዜ ኪራይ ውል) ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል፣ የኋላ በሩ ተጭሯል፣ አንዱ ቸርኬ ጠርዙ ተፍቋል፣ ትራንኩ ውስጥ አልጫ ፈሶበታል፤ የዲለሩ (የመኪና መሸጫው) ሻጭ ደግሞ «አታስቢ፣ ዝም ብለሽ ይዘሽው ነይ» ብሎሻል።

ዝም ብለሽ ይዘሽው አትሂጂ። ዲለሩ ተቀባይ ነው እንጂ መኪናው የእሱ አይደለም። ባለቤቱ በየወሩ የምትከፍይው የፋይናንስ ድርጅት ነው፤ የጉዳቱ ሂሳብም ከሳምንታት በኋላ ከእሱ ዘንድ በፖስታ ይመጣል። ያኔ ሻጩ «አታስቢ» ማለቱን የሚያውቅልሽ የለም። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚፈልገው አዲስ ሊዝ እንድትፈርሚለት ነው። «ጉዳቱን እኛ እንችለዋለን» ካለሽም አዲሱ ውል ላይ የት እንደተጻፈ ያሳይሽ። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ በአዲሱ መኪና ወርሃዊ ክፍያ ውስጥ ይገባና ከነወለዱ ራስሽ ትከፍይዋለሽ።

1. ቅድመ ምርመራ አስደርጊ። ወርሃዊ ሂሳብሽ ላይ ባለው ስልክ ፋይናንሱ ጋ ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ። አብዛኞቹ በነጻ ነው የሚያደርጉት፤ መርማሪው ቤትሽ ወይም ሥራ ቦታሽ ድረስ ይመጣል። አሁን ጊዜው ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት ካስደረግሽው ለማሠሪያ ቀን አይተርፍሽም። መኪናው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በቀን ብርሃን ይታይ። «አቧራው ጭረቱን ይሸፍንልኛል» የሚሉ አሉ፤ በራሳቸው ላይ ነው የሚፈርዱት። ከመለሱት በኋላ መኪናው ታጥቦ እንደገና ይታያል፣ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያልነበረ ነገር ሁሉ ያኔ ይጨመራል። መርማሪው ፎቶና ዋጋ ያለበት ሪፖርት ይሰጥሻል፤ በኢሜይል መምጣቱን ሳታረጋግጪ አትሸኚው።

2. የማያስከፍለውን አታሠሪ። ብዙዎቹ ድርጅቶች መለኪያቸው የክሬዲት ካርድ መጠን ነው፤ ካርዱ የሚሸፍነው ጭረት ወይም ስርጉድ እንደ ተራ እርጅና ይታለፋል። የአንቺ ውል ምን እንደሚል «ከመጠን ያለፈ እርጅና» የሚለው አንቀጽ ላይ አለ። ጭረቱን በጥፍርሽ አቋርጪው። ጥፍርሽ ካልያዘው የላይኛው ግልጽ ቀለም ላይ ብቻ ነው፣ በፖሊሽ ይጠፋል። ከያዘውና ከሥር ነጣ ያለ ነገር ከታየ ቀለም ይፈልጋል። የተሰረጎደ ሆኖ ቀለሙ ካልተሰነጠቀ ደግሞ ያለ ቀለም ከውስጥ እየገፉ የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ለአንድ ስርጉድ ከ75 እስከ 200 ዶላር ነው። ስርጉዱ በሩ ጠርዝ ላይ ወይም መታጠፊያው መስመር ላይ ከሆነ ግን ቆርቆሮው እዚያ ደንዳና ስለሆነ አይሳካም ሊሉሽ ይችላሉ። በርካሽ ሙሉ በር ቀለም እቀባለሁ ለሚልሽ ጋራዥ ግን እምቢ በይ። ቀለሙ ካልገጠመ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሻከረ «ያልተስተካከለ ጥገና» ተብሎ በራሱ ያስከፍላል።

ቸርኬው ከ100 እስከ 200 ዶላር ይሠራል። ፊቱ በማሽን የተላጨና ሁለት ቀለም ያለው ከሆነ ቶርኖ ላይ ስለሚገባ ይወደዳል፤ የሪፖርቱን ዋጋ ሳታዪ አትጀምሪ። አንዳንዴ ፋይናንሱ የጠየቀው ከጋራዡ ያንሳል፣ ያኔ ከፍለሽ ተገላገዪ።

ጎማ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። በተለምዶ የሚጠየቀው የጥርስ ጥልቀት ከ32 አራት እጅ ኢንች ነው። ሩብ ዶላር ሳንቲም ወስደሽ የዋሽንግተንን ጭንቅላት ወደታች አድርገሽ ጥርሱ ውስጥ ክተቺ፤ ጎማው የጭንቅላቱን ጫፍ ከነካ ደህና ነው። መሪውን እስከ ጥግ አዙረሽ የውስጠኛውን ጠርዝም እዪ፤ አላይመንቱ የተበላሸ መኪና ከውጭ አዲስ መስሎ ከውስጥ ሽቦው ይወጣል። አንዱ ብቻ ካለቀ ከጎማ ቤት ተመሳሳይ ማርካና መጠን ያለው፣ ጥርሱ የቆመ ያገለገለ ጎማ ይበቃል። መኪናው ሲመጣ ተንፍሶም የሚሄደው ዓይነት ጎማ ከነበረው ግን በተራ ጎማ አይቀበሉሽም።

የፊት መስታወት ላይ የድንጋይ ፍንጣሪ ካለ ኢንሹራንስሽ ጋ ደውዪ፤ ብዙዎቹ ፍንጣሪ ማስጠገኛውን ያለ ዲደክቲብል (መጀመሪያ ከኪስሽ የምትከፍይው ድርሻ) ይከፍላሉ። በብርድ ቀን ሂተር ስትለቂበት ፍንጣሪው ስንጥቅ ይሆናል፣ ያኔ ሙሉ መስታወት ነው። ለጭረቱ ግን ኢንሹራንስ አትጥሪ። እያንዳንዱ ጭረት እንደ ተለየ አደጋ ስለሚቆጠር ለ180 ዶላር ሥራ 500 ዶላር ዲደክቲብል ስትከፍዪ ትገኛለሽ።

ማይሉንም አብረሽ አስቢ። ውልሽ የሚፈቅደው በዓመት 12,000 ማይል ከሆነ ለ36 ወር 36,000 ነው። 41,000 ላይ ከመለስሽው በማይል 25 ሳንቲም ሲባዛ 1,250 ዶላር፤ የበሩ ጭረት ከዚህ አጠገብ ምንም ማለት አይደለም። (ኡበር የምትሠሩበት ካላችሁ ውላችሁን አንብቡ፣ አብዛኛው ለንግድ መጠቀምን ይከለክላል።) ድምሩ ከበዛ ውሉ ላይ በተጻፈው ዋጋ መኪናውን ገዝተሽ ማስቀረት አለ። ስትገዢው የጉዳትም የማይልም ሂሳብ የለም፤ ገበያ ላይ ስንት እንደሚያወጣ አይተሽ ወስኚ።

የምትመልሺ ቀን ሁለቱንም ቁልፍ፣ ምንጣፉን፣ የትራንኩን መሸፈኛ፣ ኤሌክትሪክ ከሆነ ቻርጀሩን ይዘሽ ሂጂ። አንድ ዘመናዊ ቁልፍ ብቻውን ከ200 እስከ 500 ዶላር ያስጠይቃል። ዲለሩ ግቢ ውስጥ አራቱንም ጎን፣ አራቱንም ቸርኬ፣ ጣሪያውን፣ ወንበሮቹንና የበራውን የማይል ቆጣሪ ቪዲዮ አንሺ። የማይል መግለጫውን ቁጥሩን አይተሽ ፈርሚ፣ ቀንና ማይል ያለበት የመረከቢያ ወረቀት ተቀበዪ። «ኃላፊው የለም፣ ቁልፉን አስቀምጪና ሂጂ» ካሉሽ ቁልፉን ይዘሽ ተመለሺ፤ ከሰዓት ውጭ ቁልፍ ሣጥን ውስጥ የሚጥል ሰው ክርክሩን እዚያው ሣጥን ውስጥ ጥሎ ነው የሚሄደው። ታርጋው ለአዲስ መኪና የማይዛወር ከሆነ ፈትተሽ ሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ቢሮ ሳትመልሺ ኢንሹራንሱን አትሰርዢ፣ ቅጣት አለው። የመንገድ ክፍያ መሣሪያውን ኢዚ ፓሱንም አውርጂ፣ ከመኪናው ጋር የተገናኘውን የስልክሽን መረጃም ከመኪናው ላይ አጥፊ።

ሂሳቡ ሲመጣ ከ300 እስከ 500 የሚሆን የመመለሻ ክፍያ ታያለሽ። እሱ ጉዳት አይደለም፣ ውሉ ላይ ከመጀመሪያው አለ፤ ከዚያው ማርካ አዲስ ከወሰድሽ ብዙ ጊዜ ይተዉታል። የቀረውን ግን መስመር በመስመር ከሪፖርቱ ጋር አስተያዪ። ሪፖርቱ ላይ ያልነበረ ነገር ከተጨመረ ፎቶውን በጽሑፍ ጠይቂ፣ ሪፖርቱን፣ የጋራዥ ደረሰኙንና ቪዲዮውን አያይዢ። በስልክ አትከራከሪ፣ ያነሳው ሰው ስም እንኳ አይቀርልሽም። ዝም ካልሽው ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ሄዶ ክሬዲትሽን ያበላሻል። እምቢ ካሉ ለፌዴራሉ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በኦንላይን አቤቱታ ማስገባት ትችያለሽ፣ ክፍያ የለውም።

አልጫውን ረስቼው አይደለም። ቢጫው እርድ ነው፤ በረኪና እንዳታስነኪው፣ ጥቁር ምንጣፍ ላይ የማይለቅ ነጭ ይተዋል። መጀመሪያ ቅባቱን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አንሺ፣ ከዚያ ሙቅ ውኃ እየረጨ የሚመጥጥ ማሽን ይዞርበት፣ ከዚያ ትራንኩን ከፍተሽ ፀሐይ ላይ አቁሚው፤ እርድ በፀሐይ ይደበዝዛል። የትራንኩን ወለል አንሥተሽ የመለዋወጫ ጎማው ጉድጓድ ውስጥም ተመልከቺ፤ ዘይቱ ሠርጎ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፣ ሽታውም የሚመጣው ከዚያ ነው። እሱን ምርመራውን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ጀምሪው።